አጥንቱ እስኪገጥም

አሰብ፣ ግንቦት 4 ቀን 1988 ዓ.ም.

እህቴ እትዬ ወለተጊዮርጊስ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ መድኃኔዓለም ከነሙሉ ጤናሽ ያግኝሽ። ሁለት ወር ሙሉ እንደ ሕፃን ላስታመምሽኝ ውለታሽን እሱ ይክፈልሽ። አያቶቻችን እህትማማች መሆናቸውን በወሬ ብቻ ነበር የምሰማው። በሠርግም በለቅሶም ተያይተን የማናውቅ ሰዎች በዚህ ዕድሜያችን እንዲህ እንቀራረባለን ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከአሥመራ የተነሣው አውሮፕላን አሰብ ያደረሰን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። በሩ ሲከፈት ያ ሙቀት ፊቴን መታኝ፤ ሮም አንቺ ቤት በረንዳ ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ ይቀመጥ የነበረው ሰውዬ እኔ መሆኔንም ተጠራጠርኩ። የወደቡ ጫኝና አውራጆች ሊቀበሉኝ ወጥተው ነበር። አሥራት፣ እኔ ከታመምኩ ወዲህ በቦታዬ ካቦ ሆኖ የሚያሠራቸው ልጅ፣ እጁን ዘርግቶ ሊያቅፈኝ ሲመጣ ባለቤቴ ላቀች በመካከላችን ገባች። «አትንኩት! ደረቱ ተሰንጥቆ ነው የተሰፋው! በሩቁ ሳሙት!» ብላ ጮኸች። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። አሥራት ግራ ቢገባው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልኝ። ከሱ በኋላ የመጣውም ሁሉ እንደዚያው እያደረገ አለፈ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ላቀች እንደ እንቁላል ይዛኛለች። ቤታችን ቧንቧ የለም፤ ውሃ ከቦኖ በጀሪካን እያመላለሰች የምትቀዳው እሷ ናት። ሙቀቱ ስለበረታ ግቢ ነው የምንተኛው፤ አልጋዎቹን ማታ ብቻዋን ታወጣለች፣ ጠዋት ብቻዋን ታስገባለች። ላግዛት ብዬ ስነሣ «ሐኪሙ ምን ብሎሃል?» ትለኛለች፤ እኔም እቀመጣለሁ።

ካንቺ የምደብቀው የለኝም፤ እፈራለሁ። ሳስል ስፌቱ የሚከፈት ይመስለኛል። በቀን ሁለት ጊዜ ተራመድ ያሉኝን አልጀመርኩም። ከአልጋዬ እስከ ባኞ፣ ከባኞ እስከ ወንበሬ፤ መንገዴ ይኸው ነው። አርባ ሰው በፉጨት ሳዝ የኖርኩ ሰውዬ፣ ልቤ ሲመታ እየቆጠርኩ እውላለሁ።

ላቀች ጉልበትሽን ትስማለች። ጤና ሁኚልኝ።

ወንድምሽ በዛብህ

*

ሮም፣ ግንቦት 30 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበዛብህ፤

ከሞት አፍ ያወጣህ አምላክ የጀመረውን ይፈጽምልህ። እኔ እንደምታውቀኝ ነኝ፤ ከምጦራት አሮጊት ከሲኞራዬ ጋር ነኝ። ዘጠና አንድ ዓመቷን ባለፈው ሳምንት አከበርንላት። ዛሬም ከአልጋ የማነሣትም የማስተኛትም እኔው ነኝ።

ፈርቼ አልተራመድኩም ያልከውን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ አዘንኩልህ። እሑድ ሆስፒታል ሄጄ ያቺን ረጅሟን ነርስህን አነጋገርኳት። ስምህን ብነግራት አልገባትም፤ ሲያስለው ትራሱን የሚያቅፈው ስላት ግን ወዲያው አስታውሳ ሳቀች። የነገረችኝን እንዲህ ጻፍኩልህ።

የተጠገነው የልብህ ቫልቭ በመራመድ አይበላሽም። የሚያሰጋው የደረትህ አጥንት ነው፤ በሽቦ ታስሮ ነው ያለው፤ እስኪገጥም ሦስት ወር ይፈልጋል። እንግዲህ እስከ ሰኔ አጋማሽ ከሁለት ኪሎ ስኳር የሚበልጥ ነገር አታንሣ፤ ከባድ በር አትግፋ፣ አትሳብ። ከአልጋ ስትነሣ በክንድህ አትመርኮዝ፤ በጎንህ ዞር ብለህ እግርህን አውርድና ተነሥ። ስታስል ትራስህን እንደ ድሮው እቀፈው። ሦስት ወሩ ካለፈ በኋላም ሐኪም አይቶህ ገጥሟል ሳይልህ ሸክም አትንካ።

እግርህ ግን ምን ሆነና ነው የምታስቀምጠው? ጠዋት አምስት ደቂቃ፣ ማታ አምስት ደቂቃ ጀምር። በየሁለት በየሦስት ቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨምርበት። ብቻህን አትሂድ፤ እያወራህ ሂድ። አንድ ነገር ጀምረህ ሳትቆራርጥ ተናግረህ መጨረስ ካቃተህ ፈጥነሃል ማለት ነው፣ ቀስ በል። ደረትህን ከጨመቀህ፣ ካዞረህ፣ ወይም ልብህ ያለ ሥርዓቱ ከመታ ቁም፤ ተቀመጥ፤ ሐኪም ጋ ሂድ። በአሰብ ፀሐይ ደግሞ እንዳትሞክረው።

ቤትህም ውስጥ እንግዳ አትሁን። ተቀምጠህ ሽንኩርት መላጥ ትችላለህ፣ ሰሃን ማድረቅ፣ ልብስ ማጠፍ ትችላለህ። ውሃውን ግን ላቀች ብቻዋን አትቅዳ፤ ጎረቤትም ቢሆን ለምኑ። ላቀች እንዴት ናት? እውነቱን ጻፍልኝ።

እህትህ ወለተጊዮርጊስ

*

አሰብ፣ ሰኔ 26 ቀን 1988 ዓ.ም.

እትዬ ወለተጊዮርጊስ፤

ሰላምታዬ እንደ ባሕሩ ስፋት ይድረስሽ። ቁጣሽ ደረሰኝ፤ ጀመርኩ!

ደብዳቤሽን ለላቀች ካነበብኩላት በኋላ ነጠላዋን አንሥታ «በል ተነሥ፣ የሚያስወራህ ሰው እኔ ነኝ» አለችኝ። በማግሥቱ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ወጣን። ከሰፈራችን ከካምፖ ሱዳን እስከ ዳቦ መጋገሪያው ፎርኖ ሄደን፣ ትኩስ ዳቦ ይዘን ተመለስን። ዳቦውን የያዘችው እሷ ናት። ቤት ስንገባ ልቤ ምንም አልሆነም።

እንዳልሽው እያወራን ነው የምንሄደው። እትዬ፣ ምን ላውራሽ? ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ኖረን በመጀመሪያው ቀን የምናወራው ጠፋን። በሁለተኛው ቀን «እስቲ ስለ መርከብ ንገረኝ» አለችኝ። ለካ ስለ ሥራዬ ነግሬያት አላውቅም። ስንዴ ጭኖ መጥቶ አሥራ ሰባት ቀን ሳይራገፍ የቆመውን መርከብ ነገርኳት፤ መርከበኞቹ በገመድ ባልዲ እያወረዱ ሎሚ ሲለምኑን የነበረውን። ሳቀች። በየቀኑ አንድ መርከብ እነግራት ጀመር።

አንድ ቀን ደግሞ እሷ ነገረችኝ። በመጀመሪያው ዓመት ወልደን በዘጠነኛው ቀን የሞተብን ልጅ ነበር። ከተቀበረ ወዲህ አንሥተነው አናውቅም። ጨው ማምረቻው አጠገብ ስንደርስ፣ ወደ ባሕሩ እያየች «ስም አውጥቼለት ነበር እኮ» አለችኝ። «ማን አልሽው?» ብላት «ሄኖክ» አለች። ያን ቀን ከዚያ በኋላ ሳንነጋገር ተመለስን። አንቺ እያወራህ ሂድ ብለሽኛል፤ አልቻልኩም። ልቤ ግን ደህና ነበር።

አሁን ግማሽ ሰዓት እሄዳለሁ። የሚያስቀው፣ ቀድማ የምትደክመው እሷ ናት። መንገድ ላይ ድንጋይ ፈልጋ ትቀመጣለች፤ እኔ ቆሜ እጠብቃታለሁ። «በሽተኛው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» ስላት «ጫማው ነው፣ ጠቦኝ» አለችኝ። ለአሥራት ብነግረው እስኪያለቅስ ሳቀ።

ውሃውን ጎረቤት ይቅዳልን ብዬ ነበር። «ቤቴን ለሰው አላስነካም» ብላ ተቆጣች። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

ወንድምሽ በዛብህ

*

ሮም፣ ሐምሌ 18 ቀን 1988 ዓ.ም.

በዛብህ ወንድሜ፤

ሰላም ለቤትህ ይሁን። ዛሬ አላረዝምም።

ለሳቅ ብለህ የጻፍከውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔን አላሳቀኝም። ጫማ የጠበበው ሰው እግሩን ያሻሻል እንጂ ትንፋሹን ለመሰብሰብ አይቀመጥም። ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ቀን፣ ከዚያ አታሳልፍ፣ ላቀችን ይዘህ ሐኪም ቤት ሂድ። እግሯ ያብጥ እንደሆነ እይ። ስትተኛ ትንፋሽ ያጥራት እንደሆነ ጠይቃት። እምቢ ካለችህ እኔ እንዳዘዝኩ ንገራት፤ ይገባታል።

ሸክሙን ከዛሬ ጀምራ ትተወው። ለምኜሃለሁ።

ወለተጊዮርጊስ

*

አሰብ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለእትዬ ወለተጊዮርጊስ፤

ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ለፍልሰታ ያደረሰሽ አምላክ አዲሱንም ዓመት ያሳይሽ። ከግንቦቱ ወዲህ ደብዳቤ አልደረሰኝም፤ ሲኞራዋ ብሶባት ይሆን ብዬ ሰጋሁ።

እኔ ሥራ ገባሁ። ለጊዜው ቢሮ ተቀምጬ የጭነት ወረቀት ነው የማመሳክረው። ሐኪሙ ደረቴን በጣቱ ተጭኖ ተጭኖ «ገጥሟል» አለኝ። እየቀለልክ ጀምር፣ በአንዴ አትዝለል ብሎኛል። ከቤት እስከ ወደቡ በር በእግሬ እሄዳለሁ፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው፤ አንድም ቦታ አላርፍም። እንደገና ሰው ሆንኩ፣ እትዬ።

ላቀች ግን የጠዋቱን መንገድ ተወችው። እግሯ አብጧል። «ሙቀቱ ነው፣ ነሐሴ ሁሌም እንዲህ ያደርገኛል» ትላለች። እዚህ በነሐሴ እግሩ የማያብጥ የለም። ሌሊት ሙቀቱ ስለሚያፍናት ቁጭ ብላ ተደግፋ ነው የምትተኛው። ያ የማቅፈው ትራስ ለኔ ስለማያስፈልገኝ ለሷ ሰጠኋት።

ባለፈው ቅዳሜ ግማሽ ጀሪካን ውሃ ላነሣ ስል ሮጣ መጥታ ከእጄ ነጠቀችኝ። «ሳታነሣ አንድ ወር ጨምር!» አለችኝ። እኔም፣ አልዋሽሽም፣ መቆርቆሯን ሳይ በሆዴ ደስ አለኝ።

ጻፊልኝ።

በዛብህ

*

አሰብ፣ መስከረም 29 ቀን 1989 ዓ.ም.

እትዬ፤

ላቀች አረፈች። መስከረም 15 ቀን፣ እሮብ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ። ለሰላምታ ቃል የለኝም፤ ይቅር በይኝ።

ሰኞ ጠዋት ከቦኖ መጣች። ጀሪካኑን በር ላይ አስቀመጠች፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። «ምነው?» ብላት በእጇ ቆይ አለችኝ፤ መናገር አልቻለችም። ከንፈሯ ጠቁሯል። አነሣኋት። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ከባድ ነገር ሳነሣ የመጀመሪያዬ ነው፤ ብቻ ከባድ አልነበረችም። በዚያች ትንፋሽ ጆሮዬ ሥር «አውርደኝ፣ አጥንትህ...» ትለኝ ነበር። አሥራት የወደቡን ፒክአፕ ይዞ ደረሰ፤ ሆስፒታል አስገባናት።

ነርሱ ንዋይ ይባላል። ስሟን እንደነገርኩት መዝገብ ቤት ሄዶ ካርድ ይዞ መጣ። ካርድ አላት! እኔ ባሏ አላውቅም። ቀኑን አሳየኝ፦ የካቲት 9። እኔ ወደ ሮም ከመሄዴ አንድ ሳምንት በፊት ማለት ነው። የደም ግፊቷ በጣም ከፍ ብሎ ልቧን እንዳደከመው፣ መድኃኒት እንድትጀምር፣ ጨው እንድትቀንስ፣ ከባድ ነገር እንዳታነሣ ተነግሯት ነበር። ለኔ ከተነገረኝ ጋር አንድ ነው፣ እትዬ። አንድ ቃል። ለኔ ሲነገር ቤቱ ሁሉ ተሰለፈልኝ።

መድኃኒቱን ወስዳ እንደሆነ ጠየቅኳት። «አንተ ስትመለስ አቆምኩት፣ እንዳታየው ብዬ» አለችኝ። ኦክስጅን ሰጥተዋት ትንሽ ቀለል ብሏት ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትሄድ ነበር?»

መልሴን ሳትጠብቅ ዓይኗን ጨፍና እጄን ስትዳብስ ቆየች። «ጥሩ ተራመድን እኮ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የምትለው ሁሉ አልተያያዘም።

የሐምሌው ደብዳቤሽ በተቀበረች በአምስተኛው ቀን ደረሰኝ። ከሁለት ወር በላይ የት እንደቆየ እግዚአብሔር ይወቅ። ለቅሶ የተቀመጡት ሴቶች መሐል ከፍቼ አነበብኩት። «እኔ እንዳዘዝኩ ንገራት፤ ይገባታል» ብለሻል። ምኑ ነው የሚገባት? ምን ታውቂ ነበር?

በዛብህ

*

ሮም፣ ጥቅምት 27 ቀን 1989 ዓ.ም.

ወንድሜ በዛብህ፤

ነፍሷን በቅዱሳን ጎን ያሳርፍልን፤ ለአንተ መጽናናቱን ይስጥህ። ይህን ለማለት መብት የለሽም ብትለኝ እውነትህን ነው።

አውቅ ነበር።

መጋቢት ላይ፣ የመታከሚያህ ቀን ሲቆረጥ፣ ላቀችን ወደቡ ቢሮ አስጠርቼ በስልክ አነጋገርኳት። ትንፋሿ ከቃሏ ይቀድም ነበር። እኔ ሃያ ዓመት በሽተኛ ሳነሣ የኖርኩ ነኝ፣ አወቅኩባት። ወጥሬ ብይዛት ነገረችኝ። ከዚያ አስማለችኝ። «ካወቀ ሳይታከም ይመለሳል። ተመልሶ ሁለታችንም እንሞታለን። አንዳችን እንትረፍ» አለችኝ። አንተ በማግሥቱ ልትቀደድ ነው። እኔ ምን ላድርግ? ማልኩላት።

ከታከምክ በኋላ ልነግርህ ይገባ ነበር። እዚህ ቤቴ ሁለት ወር ስትቀመጥ በየቀኑ አፌ ላይ ይመጣል። ፊትህን አያለሁ፤ አንድ ሳምንት ይጠንክር እላለሁ። ስትሄድ ደግሞ በደብዳቤ በዙሪያው ስዞር ከረምኩ። «ውሃውን ብቻዋን አትቅዳ» አልኩህ። «እንዴት ናት» አልኩህ። ቃሏን ላለማፍረስ ብዬ እሷን አጠፋሁ።

ብትረግመኝም ተቀብያለሁ። ብቻ አንድ ነገር፦ እንዳትቀመጥ። ለቅሶ ላይ ተቀምጦ የቀረ ልብ አይቻለሁ።

ወለተጊዮርጊስ

*

ሮም፣ ጥር 6 ቀን 1989 ዓ.ም.

በዛብህ፤

ገናም አለፈ፣ ድምፅህ የለም። ወደቡ ቢሮ ደውዬ አንድ ሰው አንሥቶ «አለ፣ ግን ሥራ አይመጣም» አለኝና ተቋረጠ። ስድብም ቢሆን ጻፍልኝ። ሲኞራዬ በጣም ከብዳለች፤ ብቻዬን እየገለበጥኳት ነው። ጽሑፌ ቢዛነፍብህ እጄ ደክሞት ነው፤ ሌላ አይምሰልህ።

ወለተጊዮርጊስ

*

አሰብ፣ መጋቢት 21 ቀን 1989 ዓ.ም.

እትዬ ወለተጊዮርጊስ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ አለሁ።

ከአምስት ወር በላይ ያልጻፍኩት ተቀይሜሽ ነው። ወረቀት አንሥቼ ክፉ ክፉውን እጽፍና እተወዋለሁ። ኋላ ኋላ አንቺን ይሁን እኔን፣ ማንን እንደምቀየም ጠፋኝ። ድንጋይ ላይ ስትቀመጥ ቆሜ ያሾፍኩባት እኔ ነኝ። እግሯ ሲያብጥ ያየሁት እኔ ነኝ። አንቺ ባሕር ማዶ ሆነሽ የገባሽ ነገር እኔ አጠገቧ ተኝቼ አልገባኝም፤ የራሴን ልብ ነበር የማዳምጠው።

ከቀብሩ በኋላ ወንበሬ ላይ ቀረሁ። ሥራም ተውኩ። የካቲት ላይ ከግቢ ወደ ቤት የሚያስገባው አንድ ደረጃ አቃተኝ፤ ልቤ ያበቃለት መስሎኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገርም አልከፋኝም። አሥራት በግድ ንዋይ ጋ ወሰደኝ። ንዋይ ብዙ ካዳመጠኝ በኋላ መሣሪያውን ከጆሮው አወጣና «ልብህ ከኔም ይሻላል፣ ጋሽ በዛብህ። እግርህን ነው የገደልከው» አለኝ። ምን ላድርግ ብለው «ከአምስት ደቂቃ ጀምር» አለኝ። መንገድ ላይ ወጥቼ ጎልማሳ ሰውዬ አለቀስኩ።

ጀመርኩ። አሁን ሃያ ደቂቃ ደርሻለሁ። ብቻዬን ነው የምሄደው፤ የሚያስወራኝ ሰው አላገኘሁም፤ አልፈለግኩምም። ትንፋሼን በውዳሴ ማርያም ነው የምለካው።

ውሃም እቀዳለሁ። በትንሿ አምስት ሊትር ጀመርኩ፣ አንድ በግራ አንድ በቀኝ። ቦኖው ላይ ሴቶቹ መጀመሪያ ዞር እያሉ አዩኝ። ወይዘሮ ትሩፋት የምትባል ጎረቤታችን «እለፍ፣ ቅደም» አለችኝ፤ እምቢ ብዬ ተራዬን ጠበቅኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ ወሬ ጀመሩኝ። ላቀች ከቦኖው እስከ ቤት ሦስት ቦታ ታርፍ እንደነበር የነገሩኝ እነሱ ናቸው። ቦታዎቹን አሳዩኝ። አንደኛው የልብስ ሰፊው ደጃፍ ነው። ሁለተኛው የመብራት እንጨቱ ሥር። ሦስተኛው የራሳችን አጥር ጥግ ነው፤ ከኔ ወንበር አሥር እርምጃ አይሞላም። እዚያ ቆማ ትንፋሿን ሰብስባ፣ ፊቷን ጠርጋ ነበር የምትገባው።

ይቅር ብዬሻለሁ ለማለት ገና አፌ አልታዘዘልኝም። ደብዳቤ መጻፍ ግን አላቆምም። ከሷ የቀረኝ፣ ያወቃትና ድምጿን የሰማ ዘመድ አንቺ ብቻ ነሽ።

እንግዲህ እኔ ደግሞ ልጠይቅሽ። ሲኞራዋን በቀን ስንት ጊዜ ነው የምታነሺያት? ማን ያግዝሻል? ደረጃ ስትወጪ ታርፊያለሽ? እጄ ደክሞት ነው ያልሽውን አላመንኩም፤ ጫማው ነው የተባልኩ ሰው ነኝ። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ቀን ሄደሽ ግፊትሽን ተለኪ። የላዩንም የታቹንም ቁጥር ጻፊልኝ። «ደህና ነኝ» ብለሽ ብትጽፊ መልሼ እልክልሻለሁ።

በየቀኑ ፖስታ ቤት በእግሬ እመላለሳለሁ።

ወንድምሽ በዛብህ